ሜዳው ይኸው

አፉላ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በቁልፍ ቀራጩና በፈላፍል ቤቱ መሀል እንደ ሽብልቅ የገባ
አንድ ጠባብ ሱቅ አለኝ፤
ሰው በፊቱ ሳይሆን በጫማው ሶል ነው የሚታወቀኝ።
ቀበቶ እበሳለሁ፤ የወታደር ቡትስ፣ የተማሪ ሻንጣ፤
በሰኔ ሐሩር፣ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ተሸክሞ መጣ።

ኮርቻ!
አገር ከለወጥሁ እጄ ነክቶት የማያውቅ፤
እንደ ታመመ ልጅ አጋደመው ከጠረጴዛዬ ላይ፣ እንዳይወድቅ።
ሽታው ቀደመኝ፦ ላብ፣ ሞራ፣ የቆየ ቆዳ፤
አባቴ ድንገት ከሱቄ ገባ፣ ከወገራ ሜዳ፣
በመዶሻው እርካብ ሲያቃና፣ በጥርሱ ጠፍር ሲስብ፤
ኮርቻ የሰፋለት ሁሉ፣ ሲመሽ፣ «ቡዳ» ብሎ ሲሰድብ።

ሳቄ አመለጠኝና፣ የኢይዝራኤልን ሜዳ በበሩ እያሳየሁት፣
«አባባ፣ ሜዳው ይኸው፤ ፈረሱስ?» አልሁት።
ተረቱ ዕብራይስጥ አይገባውም፤ ሽማግሌው አልሳቀም።
«ሸጥሁት» አለ፣ «ለትኬት። ሌላ የሚሸጥ አልነበረም።»

ናታሊዮ ይባላል። አገሩ አርጀንቲና፣
አውራጃው ኤንትሬ ሪዮስ፤ በወንዞች መሀል ማለት ነውና።
አያቱ መንድል፣ ከሩሲያ ሸሽቶ፣ መርከብ እዚያ ሲያራግፈው
ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ በሬን ከላም መለየት የከበደው።
ፈረስ ያስተማረው ጋውቾ ነው፤ ወገቡ ላይ ጩቤ የሻጠ፣
መሬት የሌለው ግን ሜዳው ሁሉ የሱ፣ ነፋስን በግልቢያ የበለጠ።
መንድልም ውለታ አላስቀረም፤ ስሙን መጻፍ አስተማረው፣
በምን ፊደል? በዪዲሽ!
ጋውቾው ሲፈርም ዳኛው ወረቀቱን ገለባብጦ አየው።
«ከዚያ አንበጣው መጣ፤ ስንዴውን በላ፣ የመጋረጃውን ጥለት...»
«አንበጣን ለኔ አትንገረኝ» አልሁት።

ቅል አወጣ ከዘንቢሉ፤ ቅጠል ሞላ፣ ፍል ውኃ አንቆረቆረ፤
በብር መምጠጫ መጀመሪያ ራሱ ማገ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ።
አንድ ቅል፣ አንድ መምጠጫ፣ ሁለት አፍ።
ሳብሁት።
ኮሶ!
ይሉኝታ ይዞኝ፣ እንደ ምንም ውጬ፣ «አመሰግናለሁ» አልሁ፤
ቅሉን ተቀበለና ጠቀለለው። ለካ በነሱ ወግ
አመሰግናለሁ ያለ፣ በቃኝ ማለቱ ነው።

ከዚያ ኮርቻውን ገለበጠልኝ።
በግራ ጎኑ ቅድ አለ፣ አንድ ስንዝር፣ ቀጥ ያለ።
ቆዳ አርጅቶ እንዲህ አይቀደድም፤ ስለት የዋለበት ነው።
«ወታደሮች» አለ። «በፈረንጅ ሰባ ሰባት፣ ሰኔ፣ በሌሊት።
እዚያ ሰኔ ክረምት ነው።»
«እኛም ጋ» አልሁት።
«የእኅቴን ወረቀት ፍለጋ ነው የመጡ።
እሷን ይዘው ሄዱ፣ ወረቀቱን ሲያጡ።»
እናቱ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣
ከመሰሎቿ ጋር አደባባዩን ስትዞር፣ ስትዞር፣
የጫማዋ ሶል ስንቴ አለቀ፤
የጠየቀችው ሹም ሁሉ፣ ዛሬም እንዳላወቀ።
«እርካቡን አጥብቅ፤ የሆድ ጠፍሩን ቀይር፤ ስፌቱን አድስ።
ይህን ግን ተወው» አለ፣
ሳይነካው፣ ጣቱ አየር ሲዳብስ።

ሰፊ ነኝ እኔ፤ ክፍት ነገር ሲያይ እጄን ያሳክከዋል።
በዚያ ሌሊት ሁለቴ ክር በሰም አሽቼ ሁለቴ አስቀመጥሁ።
ጣቴን ብሰድ ከቅዱ ውስጥ፦ የበግ ጠጉር፣ አቧራ፣
አንዲት የስንዴ ቅንጣት፣
ከአንበጣው የተረፈች ትሁን፣ ከወታደሩ፣ እኔ ምን አውቄ።
መልሼ ከተትኋት።

ዓርብ ረፋድ መጣ።
እርካቡን ጎተተ፣ ስፌቱን ዳሰሰ፣ ቅዱ ጋ ሲደርስ
እጁ ቆመ፤
ቀና ብሎ አየኝ።
ስለ ሒሳብ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠራሁም።
ፔርሙዙን ከፈተ።
ጠጣሁ፤ ያው ኮሶ ነው።
አመሰግናለሁ አላልሁም።
ቅሉን ብቻ መለስሁለት፣
እንደገና እንዲሞላው።